የተማሪ ቤት ደጅ በምን ተዘጋ፤ በምንስ ተከፈተ

የዕውቀት ሁሉ መግቢያ ፊደል ነው። ሰው ሀሁን ሳይለይ ዳዊት ሊደግም፣ ዳዊትንም ሳይደግም ወደ ዜማና ወደ ቅኔ፣ ከቅኔም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ሊሻገር አይችልም። በዘመናዊው ተማሪ ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ማንበብና መጻፍ፣ መቍጠርም ያልተማረ ሕፃን ነገ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ወይም ዳኛ ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ፣ መሠረት ሳይጥሉ ጣራ ለማቆም እንደ መድከም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነገር የመምህራን ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የመንግሥታት ሁሉ ጕዳይ ነው።

ብዙ ሰዎች ግን ልጅ ሳይማር የቀረው አባቱ ስላልወደደ ወይም አገሩ ተማሪ ቤት ስላልሠራ ብቻ ይመስላቸዋል። በሩቅ አገር ባለ የገንዘብ ሹም ጠረጴዛ ላይ የሚጻፍ አንድ ውል በመንደር ያለውን የተማሪ ቤት ደጅ ሊዘጋ ወይም ሊከፍት እንደሚችል የሚያስተውሉ ጥቂቶች ናቸው። ይህ ነገር በእውነት የተደረገ ስለ ሆነ፣ አንባብያን ያውቁት ዘንድ ታሪኩን ባጭሩ ልንተርከው ወደድን። የሚበዛው የውጭ አገር ታሪክ ነውና፣ «ዓ.ም.» ብለን ካልጻፍን በቀር ዘመኑን የቈጠርነው እንደ አውሮፓ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ መንግሥታት በ1945 የተባበሩት መንግሥታትን ድርጅት አቆሙ። በዚያው ዓመት ስለ ትምህርት፣ ስለ ሳይንስና ስለ ባህል የሚያስበውን ዩኔስኮን ለማቋቋም በሎንዶን ተስማሙ። በዲሴምበር 10 ቀን 1948 በፓሪስ የጸደቀው የሰው ልጆች መብት መግለጫም በ26ኛው አንቀጽ፣ ትምህርት የሰው ሁሉ መብት እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው ደረጃም ያለ ክፍያ የሚሰጥና ግዴታ ያለበት እንዲሆን ደነገገ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ አገሮች የሚበዙት በባዕድ አገዛዝ ሥር ነበሩና፣ ቃሉ ቢነገርም ለልጆቻቸው አልደረሰም።

ነጻነት ከመጣ በኋላ ግን ቃሉ ወደ አፍሪካ ደረሰ። በ1953 ዓ.ም.፣ ከግንቦት 7 ቀን እስከ ግንቦት 17 ቀን፣ የአፍሪካ መንግሥታት መልእክተኞች ስለ ትምህርት ለመመካከር በአዲስ አበባ ከተማችን ተሰበሰቡ። ከመቶው የአፍሪካ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚያገኘው 40 ያህሉ ብቻ እንደ ሆነ ተቈጠረ። መልእክተኞቹም እስከ 1980 ድረስ ልጅ ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲማር ዕቅድ አወጡ። ለዚህም ከየአገሩ ግምጃ ቤት የሚወጣው እንደማይበቃ ዐውቀው፣ ጕድለቱ ከባለጸጎች መንግሥታት በሚመጣ እርዳታና ብድር እንዲሞላ ተስፋ አደረጉ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ልጅ ፊደልና የመንግሥታት የውጭ ጕዳይ በአንድ ገመድ ተሳሰሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማስተዋል የታንዛኒያ ታሪክ ይበቃናል። የዚያ አገር መሪ ጁልየስ ኔሬሬ አስቀድሞ በተማሪ ቤት ያስተማሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሕዝቡ «ምዋሊሙ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ትርጓሜውም መምህር ማለት ነው። በ1974 በሙሶማ የተሰበሰበው ፓርቲያቸው ሕፃናት ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ወሰነ፤ የትምህርቱ ክፍያም በዚያ ዘመን ቀረ። አገሪቱ ድኻ ሳለች፣ በ1980 የተመዘገቡት ተማሪዎች ቍጥር በዕድሜው ካሉት ልጆች ቍጥር ጋር ሲመዛዘን ከመቶው ከ90 በላይ ደረሰ። ድኻ አገር ልጆቹን ሁሉ ማስተማር አይችልም ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ነበር።

ነገር ግን የዕዳ ዘመን መጣ። በ1973ና በ1979 የነዳጅ ዘይት ዋጋ እጅግ ወጣ። ድኾች አገሮች ነዳጁን ለመግዛት ተበደሩ፤ እነርሱ የሚሸጡት የእርሻና የማዕድን ሀብት ግን ዋጋው ወደቀ። አሜሪካም በአገሯ የበረታውን የዋጋ ውድነት ለማብረድ ወለድን ከፍ ባደረገች ጊዜ፣ የብድሩ ሸክም በተበዳሪዎች ጫንቃ ላይ ከበደ። በ1982 ሜክሲኮ ዕዳዋን ለመክፈል እንዳልቻለች ስታስታውቅ አበዳሪዎች ሁሉ ደነገጡ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ የሚፈልግ መንግሥት ወደ ሁለት ቤቶች ይሄድ ጀመር፤ እነርሱም የዓለም ባንክና ዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅት ናቸው። ሁለቱም የሚገኙት በዋሽንግተን ነው። በእነዚህ ቤቶች ድምፅ የሚመዘነው በሕዝብ ብዛት ሳይሆን በገንዘብ ድርሻ ስለ ሆነ፣ ከሌላው ይልቅ የባለጸጎች መንግሥታት ቃል ይሰማል።

ለአዲስ ብድርም ግዴታ ተጻፈ። የመንግሥት ወጪ ይቀነስ፤ የገንዘቡ ምንዛሪ ዝቅ ይበል፤ ሕዝቡም ለትምህርትና ለሕክምና ከሚወጣው ድርሻውን ይክፈል ተባለ። ይህንንም «ወጪ መጋራት» ብለው ሰየሙት። ኬንያ በ1988 ይህን ሥርዐት ተቀበለች፤ ታንዛኒያም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ አስቀርታው የነበረውን ክፍያ መለሰች። ከዚህ የተነሣ፣ ለሙላት ቀርቦ የነበረው የታንዛኒያ ተማሪ ቍጥር እስከ 1990 ድረስ ከመቶው ከ80 በታች ወረደ። የመምህሩ መሪ አገር ልጆችዋን ከደጅ መለሰች።

ፍርድ ስንሰጥ ግን ሚዛን ሊኖረን ይገባል። ይህን የመከሩ ሹማምንት ሁሉ ለሕፃናት ክፉ ያሰቡ አልነበሩም። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበረ፤ አባት ጥቂት ቢከፍል ተማሪ ቤቱ ጠመኔና መጽሐፍ ያገኛል፣ አባትም የከፈለበትን ነገር ይጠብቃል ብለው ገመቱ። የተሳሳቱት የድኻን ቤት ከውስጥ ስላላዩት ነው። አምስት ልጆች ያሉት ገበሬ ክፍያ በተጠየቀ ጊዜ አምስቱንም አያስቀርም፤ የሚበልጠውን ወንድ ልጅ ይልካል፤ ሴቶቹን ለውኃና ለእንጨት፣ ታናሹንም ለከብት ጥበቃ ያስቀራል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ብንናገር፣ የክፍያው ሰሙ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ወርቁ ግን «አንቺ አትግቢ» ማለት ነው።

እኛ በጉባኤ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸግረንም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ ከመንደር መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቍራሽ ይለምናል። ያችን ቍራሽ የምትሰጠው ባልቴት ራሷ ፊደል አትለይም፤ ነገር ግን የአገሩን ሊቃውንት ሁሉ ያሳደገች እርሷ ናት። በየኔታ ደጅ ገንዘብ የሚቀበል ሹም ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ከሚጽፈውና ከመሰሎቹ ማንኛችንም ወደ ውስጥ ባልገባን። የአባቶቻችን ሥርዐት የትምህርትን ዋጋ በተማሪው ላይ አልጫነም፤ በአገሩ ሁሉ ላይ አከፋፈለው እንጂ።

ይህን ስንል ግን የራሳችንን ጕድለት ልንሸሽግ አይገባንም። ደጁ ለድኻ ልጅ ክፍት ቢሆንም ለሴት ልጅ ጠባብ ነበረ። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያለች የቅኔ መምህርት መገኘቷ፣ ደጁ ሰፍቶ ቢሆን ምን ያህል ሊቃውንት በወጡ ነበር ያሰኛል። እንግዲህ ገንዘብ የዘጋውን በባዕድ ላይ ስንፈርድ፣ ልማድ የዘጋውን በራሳችን ላይ እንፍረድ።

አሁን ደግሞ ደጁ እንዴት እንደ ተከፈተ እንመልከት። በ1990 መንግሥታት በታይላንድ አገር በጆምቲየን ተሰብስበው ትምህርት ለሁሉ እንዲዳረስ እንደ ገና ቃል ገቡ። ነገር ግን ቃሉን በሥራ ለማሳየት የቀደሙት ድኾቹ ራሳቸው ናቸው። ማላዊ በ1994 አዲስ መንግሥት በመረጠች ጊዜ ክፍያውን አስቀረች፤ 1.9 ሚሊዮን የነበሩት ተማሪዎች ባንድ ዓመት ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ደረሱ። ኡጋንዳም በ1997 ከየቤቱ አራት ልጆች ያለ ክፍያ እንዲማሩ ስትፈቅድ፣ 3 ሚሊዮን ገደማ የነበሩት ተማሪዎች ከ5 ሚሊዮን በለጡ። ከዚህ የምንረዳው፣ እነዚያ ልጆች ትምህርት የጠሉ ሳይሆኑ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁ የነበሩ መሆናቸውን ነው።

በዚህም ጊዜ በባለጸጎች አገሮች ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች የተነሣ አንድ ንቅናቄ ነበረ። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ፣ በ50ኛው ዓመት መለከት እንዲነፋ፣ የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ እንዲመለስ፣ ከድኽነት የተነሣ የተሸጠውም ሰው ነጻ እንዲወጣ ታዟል፤ ይህም ኢዮቤልዩ ይባላል። በእንግሊዝ አገር ማርቲን ዴንት የሚባሉ ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ቢል ፒተርስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዲፕሎማት ይህን የኦሪት ሕግ አንሥተው፣ ሁለት ሺሕኛው ዓመት ሲደርስ የድኾች አገሮች ዕዳ ይሰረይ ብለው አስተማሩ። ንቅናቄያቸውም ኢዮቤልዩ 2000 ተባለ። በሜይ 16 ቀን 1998 የባለጸጎች አገሮች መሪዎች በበርሚንግሃም በተሰበሰቡ ጊዜ 70 ሺሕ ያህል ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከተማይቱን ከበቡ። በተከታዩ ዓመት በኮሎኝ የተሰበሰቡት መሪዎች ዕዳውን አስፍተው ለመቀነስ ተስማሙ።

በአሜሪካም እንዲሁ የሃይማኖት ማኅበራትና ለድኾች የሚቈረቈሩ ሰዎች የሕዝብ እንደራሴዎችን ወተወቱ። ኖቬምበር 6 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፈረሙት የውጭ እርዳታ በጀት ሕግ ውስጥ አንዲት ትንሽ አንቀጽ ገባች። አንቀጽዋም፣ በዓለም ባንክና በገንዘብ ድርጅቱ የሚቀመጡት የአሜሪካ ወኪሎች፣ ድኾች ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ወይም ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ብድር በቀረበ ጊዜ ሁሉ እንዲቃወሙ ታዛለች። ይህች አንቀጽ ለማንም ተማሪ ቤት አልሠራችም፤ ለማንም መጽሐፍ አልሰጠችም። ያደረገችው ነገር፣ ትልቁ ባለ ድርሻ ደጁን በሚዘጋ ውል ላይ እጁን እንዳያኖር መከልከል ብቻ ነው።

ፍሬው ቶሎ ታየ። ታንዛኒያ ከዕዳዋ ብዙው በኖቬምበር 2001 ተቀነሰላት፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ክፍያም አስቀረች፤ ቀድሞ ለክፍያ ይመክር የነበረው የዓለም ባንክም በዚያው ዓመት ለዚሁ ሥራ 150 ሚሊዮን ዶላር አበደራት። በ2000 ከ4 ሚሊዮን ተኩል ያነሱት ተማሪዎችዋ በ2005 ከ7 ሚሊዮን ተኩል ላይ ደረሱ። ኬንያም በጃንዋሪ 2003 ክፍያውን ስታስቀር 5.9 ሚሊዮን የነበሩት ተማሪዎች በዚያው ዓመት 7.2 ሚሊዮን ሆኑ።

ከእነዚያም አንዱ ሕፃን አልነበረም። ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ ሽማግሌ፣ በወጣትነታቸው ለአገራቸው ነጻነት ከማው ማው ጋር የተዋጉ፣ ትምህርት ያለ ክፍያ ሆነ ሲባል ሰምተው በ2004 በኤልዶሬት ከተማ ባለ ተማሪ ቤት አንደኛ ክፍል ገቡ። ዕድሜያቸው 84 ዓመት ነበር። ስለ ምን እንደሚማሩ በተጠየቁ ጊዜ ከሰጡት ምክንያት አንዱ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ዐይን አንብበው ሰባኪው በትክክል መናገሩን ለመመርመር መፈለጋቸው ነው። በ2005 ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ ስለ ነጻ ትምህርት ተናገሩ፤ በ2009ም ዐረፉ። እኛ ሰባክያን ይህን ታሪክ በሰማን ጊዜ ልንፈራም ልንደሰትም ይገባናል።

በዓለም ሁሉ ያለውንም ብንመለከት፣ በ2000 ከተማሪ ቤት ውጭ የነበሩት የመጀመሪያ ደረጃ ዕድሜ ልጆች 100 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ በ2015 ወደ 60 ሚሊዮን ገደማ ወረዱ። አገራችንም ከዚህ በረከት ተካፍላለች። በ1987 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን ያህል የነበሩት የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በ2001 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን አለፉ። የኢትዮጵያ ዕዳም በ1996 ዓ.ም. በዚያው ሥርዐት ተቀንሶ ነበር።

ይሁን እንጂ ደጅ መክፈት ማስተማር አይደለም። ማላዊ በዚያ ጐርፍ ጊዜ 20 ሺሕ ያህል ያልሠለጠኑ መምህራን መቅጠር ግድ ሆነባት፤ ብዙ ልጆችም በዛፍ ሥር ተቀመጡ። በአገራችንም በ2010 በተደረገ ምርመራ፣ ሁለተኛ ክፍል ከደረሱት ሕፃናት ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታወቀ። የኔታ ልጁን በፊደል ገበታ ላይ በስንደዶ እያመለከቱ፣ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ሲያሻግሩት፣ የፊተኛውን ሳይለይ ወደ ኋለኛው አይለቁትም ነበር። ዛሬ ግን ልጁ ሳያነብ ክፍሉ ያልፋል። መዝገብ ላይ የተጻፈ ስም ሁሉ የተማረ ልጅ አይደለም።

የእርዳታውም ነገር እንደሚታወቀው የጸና አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2017 በዓለም ያሉ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ፤ ነገር ግን ይህን ሥራ በብዛት ይፈጽም የነበረው፣ በ1961 የተቋቋመው ዩ.ኤስ.ኤይድ፣ በጁላይ 1 ቀን 2025 ሥራውን አቆመ። ብሪታንያም ከአገር ሀብቷ ከመቶው 0.7 ትሰጥ የነበረውን እርዳታ በ2021 ወደ 0.5 አወረደች፤ በ2025ም እስከ 2027 ድረስ ወደ 0.3 እንደምታወርደው አስታወቀች። ዕዳውም ተመልሷል። የተባበሩት መንግሥታት በ2023 ባወጡት ጽሑፍ፣ 3.3 ቢሊዮን ሰዎች የሚኖሩት ለትምህርት ወይም ለጤና ከሚወጣው ይልቅ ለወለድ የሚከፈለው በሚበልጥባቸው አገሮች እንደ ሆነ ተገልጧል። አገራችንም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ወለድ በቀኑ መክፈል ሳትችል ቀርታለች። እንደ ዩኔስኮ ቈጠራም ከ250 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆችና ወጣቶች ከተማሪ ቤት ውጭ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። ባለጸጎች መንግሥታት ለሕፃናት ካደረጉት ነገር ሁሉ የጸናው፣ የሰጡት ሳይሆን መውሰድ የተዉት ነው። የሰጡት ገንዘብ ሹም ሲለወጥ ይቋረጣል፤ የተዉት ዕዳና ያስቀሩት ክፍያ ግን ለልጁ ፊደል ሆኖ በልቡ ስለ ተጻፈ ማንም ሊወስድበት አይችልም። በ2001 በታንዛኒያ ደጁ የተከፈተላት ሴት ልጅ ዛሬ እናት ናት፤ የምታነበውን ለልጇ ታስነብባለች። ስለዚህ ወደ ባለጸጎቹ ደጅ የሚሄዱ የአገር መልእክተኞች እርዳታ ጨምሩልን ከማለት አስቀድመው፣ በልጆች ድርሻ ላይ ወለድ አታስቀምጡ ይበሉ።

ለራሳችንም የሚቀር ሥራ አለ። መንግሥት የተከፈተውን ደጅ በሌላ ስም፣ በመዋጮና በልብስ ዋጋ፣ እንዳይዘጋው ይጠንቀቅ፤ ለመምህሩም የሚበቃውን ይስጥ። እኛም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በየደብሩ ዐጸድ ሰፊ ጥላ፣ ፊደል የሚያስቈጥር ካህንም አለን፤ ወንዱንም ሴቲቱንም ያለ ልዩነት ተቀብለን ማንበብ እናስተምር። ያች ባልቴት ቍራሽዋን ስትሰጥ የማንንም የውጭ እርዳታ አልጠበቀችም።

ሕፃናት ወደ እርሱ እንዳይከለከሉ ያዘዘ ጌታ የባለ ሥልጣናቱን ልብ ወደ ርኅራኄ፣ የእኛንም እጅ ወደ ሥራ ይመልስልን፤ አሜን።